ፒካፕ ሚስ ሲያደርግ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጥፋተኛውን ሲሊንደር መያዝ

ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ ጋዝ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ይንዘፈዘፋል። ጋዝ ስትሰጡት ይንገጫገጫል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ከኋላ አንድ ሰው ይዞ የሚጎትተው ይመስላል። ጆሯችሁን ጭስ ማውጫው ጋ ብትጥሉ ምቱ እኩል አይደለም፤ ፑፍ፣ ፑፍ፣ ዝም፣ ፑፍ። ሚስ የሚባለው ይሄ ነው። ከሲሊንደሮቹ አንዱ ተራው ሲደርስ የገባለትን ነዳጅ ሳያቃጥል አሳለፈው ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚሠራውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። የእኔዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ፒካፕ ሚስ ስትጀምር «ካንዴላ ነው» አልኩና ስምንቱንም ቀየርኩ። አልዳነችም። «እንግዲያው ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ዕቃ) ነው» ተባልኩ፤ ስምንት ኮይል ገዛሁ። ያው ናት። ሁለት ሳምንት ከተጉላላሁ በኋላ የተገኘው ጥፋት ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ የተላጠ አንድ ቀጭን የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) ሽቦ ነበር። ጥገናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የገዛሁት ዕቃ ግን ተመላሽ አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ ዕቃ አትግዙ፣ መጀመሪያ ዕቃ አዛውሩ። የታመመውን ሲሊንደር ኮይል ወደ ጤነኛው ውሰዱት፣ ሕመሙ አብሮት ከሄደ ያኔ ግዙ። ቀጥሎ ያለው ሁሉ የዚህ ሕግ ዝርዝር ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አቁሙ

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ሳያቋርጥ ከበራ ቀስ ብላችሁ የምትሄዱበት መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ከነአየሩ ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለው የጭስ ማጣሪያ) እየገባ እዚያ ውስጥ እየነደደ ነው፤ ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ በሙቀት ቀልጦ ጭሱን ይዘጋዋል። ኮንቨርተር ደግሞ ከካንዴላም ከኮይልም በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ስለዚህ ጋዙን ልቀቁ፣ ዳር ያዙ፣ ከቻላችሁ አስጎትቱ።

ሌላም አደጋ አለ፣ ሰው ብዙም የማያስበው። ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል። የዘይት ማያ ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሚሱ ሲስተካከል ዘይቱም ይቀየር።

መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ መፍቻ

ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱ፦ መቼ ነው የሚያደርገው? መልሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተንዘፍዝፎ ከተወ፣ በተለይ የራዲያተር ውኃ ሳይታወቅ የሚጎድል ከሆነ፣ ሌሊቱን ሲሊንደር ውስጥ ውኃ እየተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጋስኬት ጠርጥሩ። ሚኒሞ ላይ መጥፎ ሆኖ ፍጥነት ሲጨምር ከጠራ የአየር ሾልኮ መግባት ወይም ክፍት የቀረ ኢጂአር ቫልቭ (ጥቂት ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልስ በር) ነው። ሚኒሞ ላይ ሰላም ሆኖ ጭነትና ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ደካማ ኮይል፣ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ወይም የነዳጅ ግፊት ማነስ። ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪናው ሲታጠብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ አትድከሙ፣ ከፍተኛ ቮልት የሚሄድበት መስመር ላይ ስንጥቅ አለ። ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው ከጀመረ ሞተሩን ሳይሆን የሞላችሁትን ጠርጥሩ፤ ውኃ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሁሉንም ሲሊንደር በየተራ ያንገጫግጫል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ፒካፕ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ጋዝ በስሱ ተይዞ ሲሄድ የሸካራ መንገድ ዓይነት ንዝረት ካሳየ ሞተሩ ላይሆን ይችላል። የማርሹ ቶርክ ኮንቨርተር ሲቆልፍ የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ልክ ሚስ ይመስላል። ፍሬኑን በግራ እግር በጣም በስሱ ንኩት፤ ቁልፉ ስለሚለቅ ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ችግሩ ማርሹ ጋ ነው፣ እኔም ከዚህ በኋላ አልጠቅማችሁም።

ኮዱ የሚለው እና የማይለው

ኦቢዲ 2 (መኪናው ጥፋቱን በኮድ የሚናገርበት ሥርዓት) ያለው መኪና ከሆነ (አሜሪካ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች ላይ ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ነው) ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ይበቃል። ሶኬቱ ከመሪው ሥር፣ ጉልበታችሁ አካባቢ ነው።

ከ«ፒ0301» እስከ «ፒ0308» ያሉት የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ይነግራችኋል። ፒ0303 ማለት ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ማለት ነው። «ፒ0300» ደግሞ በዘፈቀደ፣ ብዙ ሲሊንደር ላይ የሚንከራተት ሚስ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም በጋራ የሚነካ ነገር ፈልጉ፦ የነዳጅ ግፊት፣ አየር፣ የነዳጁ ጥራት። ከ«ፒ0351» የሚጀምሩት የኮይል መስመር፣ ከ«ፒ0201» የሚጀምሩት የኢንጀክተር መስመር ጥፋት ናቸው፤ እነዚህ ካሉ ሽቦው ጋ ሂዱ። «ፒ0171» እና «ፒ0174» ድብልቁ ነዳጅ አነሰው ይላሉ።

ኮዱ ግን ምክንያት አይናገርም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በዚያ ሲሊንደር ተራ ላይ ትንሽ እንደዘገየ ብቻ ነው፤ ካንዴላ ይሁን ቫልቭ ይሁን ሽቦ ይሁን አያይም። «ፒ0303 አለኝ፣ ምን ልግዛ?» የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር ያቺ ስምንት ኮይሌ ትዝ ትለኛለች።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት አብሮት የተቀመጠውን መረጃ አንብቡና ጻፉት፦ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ጭነቱ ስንት። በኋላ ያንኑ ሁኔታ ደግማችሁ መፍጠር ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛው ሲሊንደር የቱ ነው?

ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ግን ጤነኛውን ፈትቶ የታመመውን የተወ ስንት ሰው አለ። በአንድ ረድፍ የተሠራ ባለ አራት ሲሊንደር ላይ ቀላል ነው፣ ቺንጋው ካለበት በኩል መቁጠር ትጀምራላችሁ። ስምንቱ ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ በተደረደሩበት ቪ8 ላይ ግን አቆጣጠሩ በየፋብሪካው ይለያያል። ወደ ፊት እያያችሁ ተቀምጣችኋል ብላችሁ አስቡ። የጄኔራል ሞተርስ ቪ8 ፒካፖች በግራ በኩል 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ በቀኝ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ናቸው። የፎርድ ቪ8 ደግሞ በቀኝ ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 4፣ በግራ ከ5 እስከ 8። የእናንተን ከመኪናው መጽሐፍ አረጋግጡ።

ማንበቢያ ከሌላችሁ ወይም መኪናው አሮጌ ከሆነ የድሮው ዘዴ አለ። ሞተሩን በሚኒሞ አስነሱና የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ፣ መልሱ። ጤነኛውን ስትነቅሉ ሞተሩ የባሰ ይንዘፈዘፋል። የታመመውን ስትነቅሉ ግን ምንም ለውጥ የለም፤ ድሮም አይሠራማ። ከኮይሉ ይልቅ ኢንጀክተሩን መንቀል ይሻላል፣ ነዳጁ አብሮ ስለሚቋረጥ ኮንቨርተሩን አትጎዱም። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎች ላይ የካንዴላ ኬብል ከመንቀል ሌላ አማራጭ የለም፤ ያኔ ልባስ ያለው ፒንሳ ተጠቀሙ፣ በባዶ እጃችሁ አትንኩት። እዚያ መስመር ላይ የሚሄደው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ሌላው፣ የርቀት ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ጭሱ ከየሲሊንደሩ የሚወጣበትን ቱቦ ቶሎ ቶሎ ይለካ። የማይነደው ሲሊንደር ቱቦ ከጎረቤቶቹ ቀዝቅዞ ይገኛል።

አሁን ማዛወር

ሦስተኛው ነው ጥፋተኛው እንበል። ሞተሩን አጥፉ። የሦስተኛውን ኮይል ነቅላችሁ አንደኛው ላይ ትከሉ፣ የአንደኛውን ሦስተኛው ላይ። ሌላ ምንም ነገር አትንኩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ኮይሉንም ካንዴላውንም አብራችሁ ካዛወራችሁ የቱ እንደሆነ መቼም አታውቁም። ኮዱን አጥፉና ያንን የጻፋችሁትን ሁኔታ ፈጥራችሁ ንዱ።

ኮዱ ፒ0301 ሆኖ ተመለሰ? ኮይሉ ነው፣ አለቀ፣ አንድ ኮይል ግዙ። አሁንም ፒ0303 ነው? ኮይሉ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን አዛውሩ። ይሄም ካልሄደ ቀጣዩ ኢንጀክተሩ ነው፤ እሱን ለመንቀል ግን የነዳጅ መስመሩን መፍታት ስላለባችሁ ከማዛወራችሁ በፊት በሌላ መንገድ ትፈትሹታላችሁ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የዶጅ ራም 5.7 ሊትር ሄሚ ያላችሁ፣ በሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ ነው ያለው፣ በድምሩ 16። አንዱን አይታችሁ «ደህና ነው» እንዳትሉ።

ካንዴላ ማውጣት፣ ማንበብ፣ ማስገባት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በታመቀ አየር ንፉት፤ እዚያ የተጠራቀመ አሸዋ ካንዴላው ሲወጣ የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ፍቱና ጠብቁ። ከጠነከረ የዝገት ማላቀቂያ ጨምሩ፣ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ቀስ በሉ። የፎርድ ባለ 5.4 ሊትር፣ በሲሊንደር ሦስት ቫልቭ ያለው ሞተር በዚህ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ካንዴላዎቹ ከሁለት ቁራጭ የተሠሩ ስለሆኑ የታችኛው ክፍል በካርቦን ተጣብቆ ይቀርና ይሰበራል። ያ ሞተር ካላችሁ ይሄን ሥራ የተሰበረውን ማውጫ መሣሪያ ላለው ሰው ብትሰጡት አይፈረድባችሁም።

የወጣውን ካንዴላ በየቁጥሩ ደርድሩት። ጫፉ ቀላል ቡኒ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም እሳቱ ደካማ ነው። እርጥብና ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ከፋሻ (ከፒስተኑ ቀለበት) ወይም ከቫልቭ ላስቲክ ዘይት እየወረደ ነው። ነጭ ሆኖ ከፈካ፣ ኤሌክትሮዱ ከቀለጠ፣ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሙቀት በዝቶበታል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም። ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ታጥቦ የወጣ ዓይነት ንጹሕ ከሆነ ደግሞ አትደሰቱ፤ ውኃ እየገባ በእንፋሎት እያጠበው ሊሆን ይችላል።

የካንዴላውን ነጭ ሸክላም እዩት። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ ጫፍ ሳይደርስ በጎን እየዘለለ ነው። ያ መስመር ካለ ከላይ የሚቀመጠው የኮይሉ ላስቲክም ውስጡ ተበልቷል ማለት ስለሆነ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ፣ አዲሱን ካንዴላ በአሮጌው ላስቲክ ከሸፈናችሁ ሕመሙ ይመለሳል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት ሳትቀይሩ አትዝጉ።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ክፍተቱን ለኩ። አብዛኛው ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የእናንተ ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ አለ። የኢሪዲየም ካንዴላ ጫፉ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ መለኪያውን እየጎተታችሁ አትክፈቱበት።

ማስገባት በእጅ ነው። የካንዴላውን አናት የሚይዝ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰኩና በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ ጥርሱ ከተሳሳተ ቱቦው ራሱ ይንሸራተትና ያድናችኋል። ቁጥር ያለው ቶርክ ቁልፍ ካላችሁ የፋብሪካውን ልክ ተከተሉ፤ ባለ 14 ሚሊሜትር ጥርስ፣ ቀለበት ያለው፣ አሉሚኒየም ላይ የሚገባ ከሆነ በብዛት ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ከሌላችሁ አዲስ ባለ ቀለበት ካንዴላ በእጅ እስኪይዝ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር አካባቢ። ቀለበት የሌለው፣ መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ግን በእጅ ከያዘ በኋላ 1/16 ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅባት አትቀቡት፤ የተቀባ ጥርስ በቀላሉ ስለሚዞር ሳታውቁት ከልክ በላይ ታጠብቁታላችሁ።

ኬብልና ሽቦ

ኬብል ያለው ሞተር ከሆነ ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍታችሁ አስነሱት፣ በእጅ መርጫ ውኃ በስሱ ኬብሎቹ ላይ እርጩ። ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ካያችሁ ወይም ሞተሩ ካንገራገረ አገኛችሁት። ዘዴው አሮጌ ነው፣ ግን ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። በመልቲሜትርም ኬብሎቹን ለክታችሁ እርስ በርስ አወዳድሩ፤ ረጅሙ ከአጭሩ ቢበልጥ ደንብ ነው፣ አንዱ ብቻ ተለይቶ ሽቅብ ከወጣ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ግን ይጣል። ኬብል ስትነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን ላስቲኩን ይዛችሁ አዙራችሁ ሳቡ። አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቅደም ተከተሉ ከተዘባረቀ ሌላ ሚስ ፈጠራችሁ። የአብዛኛው ባለ አራት ሲሊንደር የእሳት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው።

ቀጭኑን ሽቦ ግን አትናቁት፣ የእኔ ጣጣ እሱ ነበርና። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደየኮይሉና ኢንጀክተሩ የሚሄደውን የሽቦ እግር በስሱ ነቅነቅ አድርጉ። ሚሱ ከመጣ ወይም ከጠፋ እዚያ ቁሙ። የሶኬቱ ቆላፊ ፕላስቲክ በሙቀት ተሰብሮ ሶኬቱ ግማሽ ተነቅሎ መቀመጡ የተለመደ ነው። አይጥ ልባሱን ቆርጥማው ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ከሻሲው የሚያገናኘው የመሬት ሽቦም ዝጎ ከሆነ በብሩሽ ይጠረግ። የተላጠ ሽቦ ስታገኙ በይዱትና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት፣ ከዚያ ከሚፋተግበት ጠርዝ አርቃችሁ እሰሩት፤ እንዲሁ በቴፕ ከጠቀለላችሁት ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያቀልጠውና በጥቂት ወራት እንደገና ትገናኛላችሁ።

ነዳጅ ደርሶታል?

ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ፣ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ። ከሚሽከረከረው ፋን ራቁ። ጤነኛ ኢንጀክተር ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፣ ፈጣንና እኩል። አንዱ ዝም ካለ ወይ ሽቦው አልደረሰም ወይ ኢንጀክተሩ ሞቷል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ኦም ለኩ፤ የተለመደው ዓይነት ከ12 እስከ 16 ኦም ያሳያል፣ ዋናው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር መመሳሰሉ ነው። ኦሙ ደህና ሆኖ ዝም ካለ ምልክቱ እየደረሰው መሆኑን በኢንጀክተር መፈተሻ አምፖል እዩ፤ ብልጭ ብልጭ ካላለ ሽቦውን ተከተሉ።

ቲክ ቲክ እያለ በካርቦን ተደፍኖ በደንብ የማይረጭም አለ። ያኔ ነው ማዛወር የሚመጣው። በቅድሚያ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን፣ ሲመለስ የጎማ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ሞተር ከሆነ ይሄን አትሞክሩ፣ ግፊቱ በጣም ከፍተኛ ነው።

ሁሉም ሲሊንደር በጋራ ሲደክም የነዳጅ ግፊት ለኩ። በኢንቴክ በኩል የሚረጭ ሞተር በብዛት ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) መካከል ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጋዝ ሲሰጥ የሚወድቅ ከሆነ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል። ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የቫኪዩም ጎማ ካለ ንቀሉትና እዩ፤ ቤንዚን ከወጣበት ውስጡ ተቀዷል።

ሾልኮ የሚገባ አየር

እዚህ ላይ ስካነሩ ቀጥታ ንባብ የሚያሳይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር እዩ። ሚኒሞ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ፣ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ስትይዙት ወደ ዜሮ ከወረደ አየር በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው፤ በሚኒሞ ትንሽ ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ አለው፣ ዙር ሲጨምር ግን ይዋጣል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ጭነት ሲጨምር ቁጥሩም ከጨመረ፣ ነዳጅ አልበቃም ወይም የአየር መለኪያው ሴንሰር ቆሽሾ አሳንሶ እያነበበ ነው። ሴንሰሩን ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ እጠቡት፣ በጨርቅም በጣትም አትንኩት።

ቀዳዳውን ለመፈለግ መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ዓይን፦ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የወለቀ ቱቦ፣ የደረቀ የኢንቴክ ጋስኬት። ብዙዎች የካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ያገኙታል። ይሠራል፣ ግን የሚረጨው ነገር ተቀጣጣይ ነው፤ የጋለ የጭስ ቱቦ ላይ እንዳይደርስ። ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለበት ጋራዥ ካለ እሱ ይሻላል።

ኢጂአሩ ክፍት ከቀረ የጭስ ጋዝ ሚኒሞ ላይ አየሩን ይበክለዋል። አውጥታችሁ ካርቦኑን አጽዱት።

መጥፎው ዜና፦ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ግፊት)

ኮይል፣ ካንዴላ፣ ሽቦ፣ ነዳጅ ሁሉም ንጹሕ ከሆኑ ሞተሩ ውስጥ መግባት አለብን። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄን ፈተና ካንዴላ ሳወጣ አብሬ እሠራዋለሁ፤ የሞተ ሲሊንደር ላይ አዲስ ካንዴላ መትከል ብክነት ነው።

ሞተሩን አሙቁት፣ ከዚያ ካንዴላ ለመፍታት እስኪመች በረድ ይበል። ሁሉንም ካንዴላ አውጡ። የነዳጅና የእሳት ፊውዞችን ንቀሉ። መለኪያውን አንደኛው ላይ ሰኩ፣ አንድ ሰው ጋዙን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሞተሪኖውን ያዙር፣ መለኪያው አምስት ስድስት ጊዜ እስኪዘል። ሁሉም ሲሊንደር ላይ የዝላዩ ቁጥር እኩል ይሁን፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን፣ አለዚያ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ከ120 እስከ 180 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። የሚበልጠው ነገር ልዩነቱ ነው፦ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ። ለምሳሌ 160፣ 155፣ 90፣ 158 ካገኛችሁ ሦስተኛው ታሟል።

አሁን በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖታል፤ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ካልተነሳ ቫልቭ ወይም ጋስኬት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቷል ብላችሁ መወራረድ ትችላላችሁ። የታመቀ አየር ማስገቢያ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ አየር አስገቡና አድምጡ። ፉጨቱ ከጭስ ማውጫ ከመጣ የጭስ ቫልቭ፣ ከአየር ማስገቢያው ከመጣ የኢንቴክ ቫልቭ፣ ከዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካያችሁ ጋስኬት።

ቴስታታ ከማውረዳችሁ በፊት የቫልቭ ክፍተት በእጅ የሚስተካከልበት ሞተር ከሆነ እሱን ለኩ። በድሮዎቹ ሂሉክሶች ላይ ያለው 22አር ሞተር ሞቆ ሲለካ ኢንቴኩ 0.20፣ የጭሱ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ የጠፋ ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ሚስ የሚያደርግ ሞተር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ጊዜው የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነው፣ ወጪው ደግሞ ቢበዛ አንድ የክዳን ጋስኬት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሹን ሲሊንደር የሚያጠፋ የጄኔራል ሞተርስ 5.3 ሊትር ካላችሁ እና ሚሱ 1፣ 4፣ 6 ወይም 7 ላይ ከሆነ፣ ከላይ ደግሞ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካለ፣ የሚጠፉት እነዚያው አራቱ ናቸውና የቫልቭ ሊፍተሩ (ቫልቩን የሚገፋው ዕቃ) ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ካንዴላ እየቀያየራችሁ አትድከሙ።

ናፍጣ ለምትነዱ

እናንተ ጋ ካንዴላ የለም፣ ሥራው ሁሉ ኢንጀክተርና ኮምፕሬሽን ነው። መጀመሪያ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ፣ መስመሩ አየር አለመሳቡን እዩ። ጠዋት ብቻ ከሆነ ማሞቂያዎቹን፣ ግሎ ፕለግ የሚባሉትን፣ ለኩ።

አሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ላይ መካኒኮች የኢንጀክተሩን ቱቦ ነት በትንሹ እያላሉ የሞተውን ሲሊንደር ይለያሉ። ኮመን ሬል የሆነ (ሁሉም ኢንጀክተሮች በከፍተኛ ግፊት ከተሞላ አንድ የጋራ ቱቦ የሚቀዱበት) ሞተር ላይ ይሄን በፍጹም አታድርጉ። ግፊቱ ከ1,500 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ እንደ መርፌ ቆዳ ወግቶ ናፍጣ ሰውነት ውስጥ ያስገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም እጅ ሊያስቆርጥ የሚችል ጉዳት ነው፣ ወዲያው ሆስፒታል። ለኮመን ሬል ትክክለኛው ፈተና የተመላሽ ነዳጅ መለካት ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱ ኢንጀክተር መመለሻ ላይ እኩል ጠርሙስ ታስራላችሁ፣ ከዚያ በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ታሠሩታላችሁ። ከሌሎቹ በብዙ የበለጠ የመለሰው ኢንጀክተር አርጅቷል።

ከጠገናችሁ በኋላ

ኮዱን አጥፉ። ሞተሩን ቀዝቅዞ አስነሱ፣ አሙቁ፣ ዳገት አውጡት፣ በሚኒሞ አቁሙት። ስካነራችሁ «ሞድ 6» የሚባለውን የሚያነብ ከሆነ መብራት ሳይበራ በፊት የተቆጠሩትን ሚሶች በየሲሊንደሩ ያሳያል፤ ሁሉም ዜሮ ወይም ዜሮ አጠገብ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ እየቆጠረ ከሆነ መብራቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይበራል፣ ወደዚያ ሲሊንደር ተመለሱ።

ሚሱ ጠፍቶ መኪናው አሁንም ጉልበት ካነሰው፣ በተለይ ዙር ሲጨምር ታፍኖ የሚቀር ከሆነ፣ ኮንቨርተሩ ቀድሞውኑ ተዘግቶ ይሆናል። ከፊቱ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር አውጥታችሁ በቀዳዳው የጭስ ግፊት ለኩ፤ ሚኒሞ ላይ መርፌው ከዜሮ ብዙም መነሳት የለበትም። ከተነሳ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ያልቆማችሁበት ሒሳብ መጣ ማለት ነው።